«ውሻው ነው!» አሉ… ጥፋቱስ የማን ነው?

ቀኑ እሑድ፣ ወሩ ታኅሣሥ ነው። ቤቱ ከጧት ጀምሮ ሲታጠብ፣ ሲወለወል ውሏል። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ጀበናው ተጥዷል። ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ሳሎን ገብተዋል። እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ተግደረደሩ፣ እንደ ወጉም ተለምነው ተቀመጡ። ልጅቷ ከጓዳ በበሩ ቀዳዳ አጮልቃ ታያለች። ልቧ ድው ድው ይላል።

አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንግዲህ የመጣንበት ጉዳይ…» ብለው ጀመሩ።

አልጨረሱም።

ድምፅ የለም። ኮሽታ የለም። ግን አንድ ነገር ሳሎኑ ውስጥ ገባ። የተበላሸ እንቁላል በሉት፣ የከረመ ጎመን በሉት፣ ብቻ ዕጣኑን ድል አድርጎ ቤቱን ሞላው። ሁለተኛው ሽማግሌ ሦስተኛውን በጎን ሰረቅ አድርገው አዩ። ሦስተኛው ደግሞ አንደኛውን። አባትየው «ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው የተላኩብን?» በሚል ፊት ሦስቱንም ቃኙ። እናት ብድግ ብለው ዕጣን ጨመሩ። ማንም ምንም እንዳልሸተተው ሆኖ ጨዋታው ቀጠለ።

ሁለተኛው ዙር መጣ። ያኔ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ፣ የሰባት ዓመቱ፣ ጎንበስ ብሎ ሶፋው ሥር አየና ጮኸ።

«ውሻው ነው! ቡቺ ነው!»

ውድ አንባቢያን፣ የሰዎቹን ስም አልጠራም፤ ቃል ገብቻለሁ። የውሻውን ስም ግን ብጠራ አይከሰኝም ብዬ ነው። ለነገሩ በዚህ ከተማ ስንት ቡቺ አለ!

ልጅቷ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች ነበር። እናትየው ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ደግነቱ ሽማግሌዎቹ አዋቂዎች ነበሩና «እሱም በበኩሉ መረቀን» ብለው በሳቅ አለፉት። ጋብቻው ተፈቀደ። ሠርጉም ከፋሲካ በኋላ፣ ለዳግማዊ ትንሣኤ ተቆረጠ። ማታ ግን እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አባትየው የራሳቸውን ፍርድ ሰጡ። «ይሄ ውሻ ሠርጉ ሳይደርስ ከቤቴ ይውጣ። ሁለተኛ ሰው ፊት አያዋርደኝም!»

«ይውጣ» ምን ማለት እንደሆነ የአዲስ አበባ ልጅ ያውቀዋል። ማታ መኪና ላይ ጭኖ፣ ከከተማ ወጣ አድርጎ፣ በር ከፍቶ መሄድ ነው። ሶፋ ሥር ያደገ፣ ፀጉሩ አጭር የሆነ ቦክሰር በዚያ ብርድ፣ በዚያ የውሻ መንጋ መሀል ስንት ሌሊት ያድራል? ልጅቷ በማግስቱ ደወለችልኝ። ስለ ሠርጓ አይደለም የምታለቅሰው፤ ስለ ቡቺ ነው። «አራት ወር አለኝ። ይሄን ነገር የሚያቆም መድኃኒት ካለ ፈልጉልኝ» አለች።

እኔ ስለ ፍቅረኛ ኩርፊያ፣ ስለ ብጉርና ስለ ሚዜ ልብስ ስጽፍ የከረምኩ ሰው ነኝ። ስለ ውሻ ፈስ እጽፋለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ግን ጠየቅኩ፣ አነበብኩ፣ ቢሾፍቱ የተማሩ አንድ የእንስሳት ሐኪም ዘንድም ሄጄ አፍንጫዬን ሳልይዝ አወራሁ። ያገኘሁት መልስ ደግሞ ለቡቺ ብቻ አይደለም።

ቃሉንም አንፍራው። «ንፋስ» እያልን ብንሸፋፍነው አየሩ አይለወጥም።

ሁለቱ በሮች

የውሻ ፈስ ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንደኛው ከአፍ ነው። ውሻ ሲበላ ከምግቡ ጋር አየር ይውጣል። ተሻምቶ፣ ሳያኝክ፣ እየጎረሰ የሚበላ ከሆነ ብዙ ይውጣል። ያ አየር ወይ በግሳት ይመለሳል፣ ወይ ሆድ ዕቃውን ዞሮ በወዲያኛው ይወጣል። ይሄኛው ብዙ ጊዜ ድምፅ እንጂ ሽታ የለውም።

ሁለተኛው ከአንጀት ነው። ትንሹ አንጀት ያልፈጨው ምግብ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ደግሞ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ድግስ ይጠብቃሉ። እነሱ ያን ትራፊ ሲያብላሉት ጋዝ ይፈጠራል። ልክ እንደ ጠላ ጋን ነው። ጋኑ ውስጥ የገባው ነገር ሲፈላ አረፋ ያወጣል አይደል?

የሚገርመው ግን ከዚያ ሁሉ ጋዝ አብዛኛው ጭራሽ አይሸትም። ናይትሮጅን፣ ሃይድሮጅን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ… ሽታ የላቸውም። ሽማግሌዎቹን ያስተዛዘበው ከጠቅላላው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላው ነው። ድኝ ያለበት ጋዝ ነው፤ ዋናው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይባላል። የተበላሸ እንቁላልን የሚያሸተው እሱ ራሱ ነው። ስለዚህ ብዙ የሚፈሳ ውሻና በጣም የሚሸት ውሻ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። አንዱ የአበላል ጣጣ ነው፣ ሌላው የምግብ።

ይሄን ጉዳይ ፈረንጆች እንደ ቁም ነገር ይዘው አጥንተውታል ብላችሁ ታምናላችሁ? በ2001 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እንግሊዝ አገር የሚሠሩ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳተሙ። ለውሾቹ ጃኬት አልብሰው፣ ጃኬቱ ላይ አየር የሚስብ መሣሪያ አስረው፣ ከኋላቸው የሚወጣውን ጋዝ ለኩ። ያ አልበቃ ብሏቸው ሽታውን አሽትቶ ነጥብ የሚሰጥ ሰው መደቡ። ሥራ አጣን የምትሉ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይሄም ሥራ ነው! ውጤቱ ግን ቁም ነገር ያለው ነው። ለመድኃኒትነት የተዘጋጀ ከሰል፣ ዩካ ከሚባል ተክል የተጨመቀ ነገርና ዚንክ አሴቴት ሲሰጣቸው ሽታው በጣም ቀነሰ። የፈሱ ብዛት ግን አልቀነሰም። እንግዲህ ይሄን አንብባችሁ ከምድጃ ላይ ከሰል አንስታችሁ ውሻው አፍ ውስጥ እንዳትጨምሩ! የሕክምናው ከሰል ሌላ ነው፤ ያለ ሐኪምም አይሰጥም።

የቡቺ ሳህን

ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ውሻው አልነበረም። «ሳህኑ ላይ ምን አለ?» ነው ያሉት። ልጅቷን ጠየቅኳትና የአንድ ሳምንቱን ጻፈችልኝ።

ጧት ወተት በዳቦ። «ቡቺ ወተት ነፍሱ ነው» ትላለች። ቀን ምንም። ማታ፣ አንድ ጊዜ፣ ከቤት የተራረፈው ሁሉ በአንድ ሳህን። ወሩ የነቢያት ጾም ነበርና ትራፊው ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጥቅል ጎመን ነው። ቅዳሜ ደግሞ አባትየው ከምግብ ቤት ቡሌ ያመጡለታል፤ ከስንት ሰው ሳህን እንደተጠራቀመ የማይታወቅ። ያን ሁሉ ቡቺ በሁለት ደቂቃ ሙልጭ ያደርገዋል።

ሐኪሙ ወረቀቱን አነበቡና ሳቁ። «ውሻው ጤነኛ ነው። ይሄን በልቶ ባይፈሳ ነበር የምደነግጠው» አሉ።

ከወተቱ እንጀምር። ቡችላ የእናቱን ወተት የሚፈጭበት ኃይል አለው። ሲያድግ ግን ያ ኃይል አብዛኛው ውሻ ላይ ይደክማል። የወተቱ ስኳር ሳይፈጭ ወደ ታች ይወርዳል፣ ባክቴሪያዎቹ ይቀበሉታል፣ የቀረውን ታውቁታላችሁ። አንዳንዱን ያስቀምጠዋል ጭምር። ውሻ ወተት ሲያይ ጭራውን መቁላቱ ይስማማዋል ማለት አይደለም። እኛስ የምንወደው ሁሉ ይስማማናል?

ቀጥሎ ጥራጥሬ። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ምስር ውስጥ ራፊኖስና ስታኪዮስ የሚባሉ ስኳሮች አሉ። እነዚህን የሚሰብር ኢንዛይም ውሻም የለውም፣ እኛም የለንም። ለዚህ ነው ሹሮ የበላ ቤተሰብ ማታ ማታ የሚተዛዘበው። ልዩነቱ እኛ ሰው ፊት እንይዘዋለን፣ ቡቺ አይዝም። ጥራጥሬን አድሮ ዘፍዝፎ ውሃውን ደፍቶ መቀቀል የዚያን ስኳር መጠን ይቀንሰዋል። ሽሮ ግን ዱቄት ሆኖ የመጣ ነው፤ ምኑ ይዘፈዘፋል? ጥቅል ጎመኑ ደግሞ ድኙን ይዞ ይመጣል፤ ሽታ ማለት እሱ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ የነቢያት አለ፣ የሐዋርያት አለ፣ ፍልሰታ አለ። በጾመኛ ቤት ያለ ውሻ ሳይጠየቅ አብሮ ይጾማል። ሥጋ ቤቶቹም አብዛኞቹ ይዘጋሉ። ለዚህ ነው ብዙ ሰው «ውሻችን በጾም ጊዜ ይብሳል» የሚለው። ውሻው ወቅት እያየ አይፈሳም፤ ሳህኑ ነው ወቅት የሚያየው።

ከሁሉም የሚያስደነግጠው ግን ሽታ የሌለው ነገር ነው። ሽንኩርት። ሐኪሙ ይሄን ሲሉ ሳቃቸው ጠፋ። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። ጥሬውም፣ የተቁላላውም፣ ደርቆ የተፈጨውም ያው ነው። ጉዳቱ የዚያኑ ቀን ላይታይ ይችላል። ከቀናት በኋላ ውሻው ይደክመዋል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። አገራችን ውስጥ ያለ ሽንኩርት የሚሠራ ወጥ ማነው? በርበሬውንም ጨምሩበት፤ ሆዱን ያቃጥለዋል። ስለዚህ «ትራፊ ነው፣ ምን ይሆናል» የምንለው የወጥ ፍትፍት ከፈሱ ይልቅ ሽንኩርቱ ነው የሚያሰጋው።

እንጀራው ራሱ ያን ያህል ጠላት አይደለም። በ2013 የስዊድን ተመራማሪዎች የውሻንና የተኩላን ዘር አስተያይተው፣ ውሻ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ወዲህ የእህል ምግብ መፍጨት እንደተማረ አሳይተዋል። በሰው ቤት ፍርፋሪ ስንት ሺህ ዓመት ኖሮ የማይማር ማነው? ለውጥ ግን በድንገት አይሁን። ዛሬ ሥጋ፣ ነገ ምስር፣ ከነገ ወዲያ ቡሌ ከሆነ አንጀቱ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ግራ ይገባቸዋል። አዲስ ምግብ ከአሮጌው ጋር እየተቀላቀለ፣ ቀስ በቀስ፣ አንድ ሳምንት ያህል ይውሰድ።

ዘሩስ?

«የገዛነው ፈረንጅ ውሻ ነው፤ ንጹሕ ዘር ነው» ይባላል። እዚህ ላይ የኔን አስተያየት ልጨምር። የውሻ ዘር እንደ ጫማ በፋሽን የሚገዛበት ጊዜ ላይ ነን። ሰው ስለ ጆሮውና ስለ ጭራው ይጠይቃል እንጂ ስለ ሆዱ ማን ይጠይቃል?

ቡቺ ቦክሰር ነው። ጀርመኖች ያራቡት፣ አፍንጫው ወደ ውስጥ የገባ፣ ፊቱ በቡጢ የተመታ የሚመስል ውሻ። ቡልዶግም፣ ፓግም፣ አሁን አሁን ከተማችን ውስጥ ብቅ ብቅ ያለው ትንሹ የፈረንሳይ ቡልዶግም ከዚህ ወገን ናቸው። አፍንጫቸው አጭር ስለሆነ እንደ ልብ አይተነፍሱም። ሲበሉም፣ ሲሮጡም፣ ሲተኙም በአፋቸው አየር ይስባሉ፣ ይውጣሉ። ሲያንኮራፉ ሰምታችሁ ይሆናል። ስለዚህ ቡቺ ሲፈሳ ግማሹ የተፈጥሮው ነው። ሽሮው ግን የተፈጥሮው አይደለም!

ጀርመን ሼፐርድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ጥበቃ ይሁነን ብሎ ብዙ ሰው የሚይዘው እሱን ነው። በዚህ ዘር ላይ ቆሽቱ ምግብ መፍጫውን ፈሳሽ ማመንጨት የሚያቆምበት በሽታ ከሌሎቹ ይበልጥ ይታያል። ምልክቱ ይለያል። ውሻው ይበላል፣ ይበላል፣ አይጠግብም፤ እየከሳ ይሄዳል። ፈሱ ይሸታል፣ ሰገራው ብዙ፣ ነጣ ያለና ቅባት ያለው ይሆናል። እንዲህ ያለውን ውሻ «ሆዳም» ብሎ መሳደብ ግፍ ነው። ምግቡ ላይ የሚጨመር መድኃኒት አለው፤ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ሆዳም ከተባለ ላብራዶር አለ። እሱም ቢሆን ሰበብ አለው። በ2016 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ከአራት ላብራዶር በአንዱ ገደማ ረሀብን ከሚቆጣጠሩት ዘረ መሎች አንዱ ጉድለት እንዳለበት አሳይተዋል። ጠግቦ አይጠግብም። ስለዚህ ያገኘውን ሳያኝክ ይሰለቅጣል፣ አየሩንም አብሮ።

የኛ የሀበሻ ውሻስ አይፈሳም ወይ? ይፈሳል እንጂ! ግን ግቢ ውስጥ ነው፣ አጥር ጥግ ነው፣ ሲሮጥ ነው የሚውለው። ማን ያሸተዋል? ሶፋ ሥር ያስገባነው ቦክሰር ላይ ነው ፍርዱ የሚከብደው።

የማይወጣው

እስካሁን እየሳቅን መጣን። አሁን የምጽፈውን ግን አልሳቅኩበትም።

እኛ ሰፈር አንድ ትልቅ ግቢ የሚጠብቅ ውሻ ነበር። ጀርመን ሼፐርድ ነው፣ ደረቱ ጥልቅ፣ ቁመቱ የጥጃ የሚያህል። ሰፈርተኛው የሚያውቀው በፈሱ ነው፤ ልጆች ስም አውጥተውለታል። በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ፣ ፉርሽካና ሳንባ በአንድ ባልዲ ተቀቅሎ ይቀርብለታል። ባልዲውን ሲጨርስ ለማየት ልጆች ይሰበሰቡ ነበር።

አንድ ማታ እንደ ልማዱ በላ። ከሰዓታት በኋላ መንቆራጠጥ ጀመረ። ይተኛል፣ ይነሣል፣ ወደ ሆዱ ዞሮ ያያል። ለማስመለስ ያቃስታል፤ ከለሀጭ በቀር ምንም አይወጣውም። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ጥበቃው ጮኸ፣ ጎረቤት ወጣን። «መርዝ በልቷል» ተባለ። ወተት መጣ፣ ዘይት መጣ፣ አፉን ፈልቅቀው አጠጡት። አንዱማ «ቢፈሳ እኮ ይቀለው ነበር» ሲል ሰው ሳቀ። አልፈሳም። ሊነጋ ሲል ሞተ።

ይሄን ታሪክ ለሐኪሙ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «መርዝ አልነበረም» አሉ። ደረታቸው ጥልቅ በሆኑ ትልልቅ ውሾች ላይ፣ ማለትም በጀርመን ሼፐርድ፣ በዶበርማን፣ በግሬት ዴን፣ ጨጓራው በጋዝ ይነፋና እንደ ከረጢት ይጠመዘዛል። የላይኛውም የታችኛውም በር ይዘጋል። ጋዙ በግሳትም አይመለስ፣ በፈስም አይወጣ። ደም መመላለስ ያቆማል። ያኔ ወተትም ዘይትም አይረዳም፤ ማጠጣቱ እንዲያውም ያንቀዋል። የሚያድነው በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ደርሶ ጋዙን ማስወጣትና ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው።

ለዚህ ችግር የሚያጋልጠው አንዱ ምን ይመስላችኋል? በቀን አንድ ጊዜ ብዙ መብላት። በ2000 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ፈጥኖ የሚበላና ሳህኑ ከፍ ባለ ነገር ላይ የሚቀመጥለት ትልቅ ውሻ ይበልጥ እንደሚያጋጥመው አሳይቷል። እና የዚያ ሰፈር ውሻ በየማታው ያን ሁሉ ሲፈሳ በሱ ቋንቋ አቤቱታ ሲያቀርብ ነበር ማለት ነው። እኛ ስም አወጣንለት።

«ፈስ ያለበት ዝላይ አይችልም» ይላል ያገሬ ሰው። ስለ ውሻ የተባለ አይደለም፤ ግን ከምግብ በኋላ ወዲያው ውሻችሁን አታስሩጡት የሚለው የሐኪም ምክር ከዚህ አይርቅም።

የቡቺ አራት ወር

ልጅቷ ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ፤ የምትችሉ ሞክሩት።

ወተቱን አቆመች። ቡሌ ቆመ፤ አባትየው ቅር አላቸው። ማታ አንዴ የነበረው ምግብ ጧትና ማታ ሆነ። ሩዝ ተቀቅሎ፣ ሳንባ ወይም የተከተፈ ሥጋ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ በርበሬ፣ ያለ ጨው ተቀቅሎ፣ ዱባ ወይም ካሮት ትንሽ ጣል ተደርጎበት። ሳንባና ጉበትን በደንብ ማብሰል ለሽታ ብቻ አይደለም። ጥሬ ሆድ ዕቃ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚሠራ የኮሶ ትል ዕጭ ይኖራል። ውሻ ይበላዋል፣ ከውሻው ሰገራ እንቁላሉ ወደ ሰው ይተላለፋል፣ ሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያ ከረጢት ያድጋል። ለዚህ ነው ሐኪሙ የቡቺን ፈስ ከማውራታቸው በፊት «የትል መድኃኒት መቼ ወሰደ?» ያሉት። የአንጀት ትልም ራሱ ሆድ ይነፋል።

ሩዝና ሥጋ ብቻ ግን ለዘለቄታው አይበቃም፤ የሚጎድለው ነገር አለ። ስለዚህ በየሱፐርማርኬቱ ከሚሸጠው ደረቅ የውሻ ምግብ አቅም በፈቀደ እየቀላቀለች ትሰጠዋለች።

አበላሉንም ለወጠችው። በጎድጓዳ ሳህን ፋንታ ሰፊ ትሪ ላይ ዘርግታ ትሰጠዋለች። በሁለት ደቂቃ የሚያልቀው ነገር ስትነግረኝ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ጎድጓዳ ሳህን ብቻ ያለው ሰው መሀሉ ላይ ውሻው ሊውጠው የማይችል ትልቅ፣ የታጠበ ድንጋይ ቢያስቀምጥ ዞሮ ዞሮ እየለቀመ ይበላል። ደግሞ በየቀኑ ጧት የእግር ጉዞ። ውሻ ሲንቀሳቀስ አንጀቱም ይንቀሳቀሳል፤ ቢፈሳም ሜዳ ላይ ይፈሳል።

ትልቁ ጠብ የመጣው ሁዳዴ ሲገባ ነው። እናትየው «በጾም ሥጋ እዚህ ቤት አይጣድም!» አሉ። እውነትም ያስቸግራል፤ ጾመኛ ቤት ውስጥ የሥጋ ሽታ ከፈሱ አይሻልም። ልጅቷ «ቡቺ ክርስትና አልተነሣም፣ ምን አድርግ ነው የምትሉት?» ብላ ተከራከረች። በመጨረሻ ለቡቺ የራሱ ድስት ተገዛለት። ሥጋው ከቅበላ በፊት ተገዝቶ ማቀዝቀዣ ገባ፤ እሱም በረንዳ ላይ፣ በከሰል ምድጃ፣ ከማዕድ ቤቱ ርቆ ይቀቀላል። ከጎረቤት «የውሻው ማዕድ ቤት» የሚል ተረብ ቢመጣም ሁለት ወሩ በሰላም አለፈ።

ጧት ጧት ቡቺን ይዘው የሚወጡት ማን ይመስሏችኋል? አባትየው! ልጅቷ የሠርግ ዝግጅት ሲበዛባት አንድ ቀን «አባዬ፣ ዛሬ ብቻ» አለቻቸው። አንድ ቀን ሁለት ሆነ፣ ሁለት ሦስት ሆነ። አሁን ሳይጠየቁ ገመዱን ያነሣሉ። ቦርጫቸውም ጎደል ብሏል ይባላል፤ እኔ አላየሁም።

ፋሲካ ሲመጣ ልጅቷ ቤተሰቡን ሰብስባ አስጠነቀቀች። በዓል ለውሻ ክፉ ቀን ነው። ከየሳህኑ የሚወረወር ጮማ ቆሽቱን ሊያስቆጣው ይችላል፤ ያ ደግሞ በፈስ አያበቃም፣ ያስመልሰዋል፣ ይጥለዋል፣ ሊገድለውም ይችላል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። ቡቺ በፋሲካ ዕለት ሩዙን በላ። ዓይኑ ግን እንግዶቹ ሳህን ላይ ነበር።

አሁንም ይፈሳል። መድኃኒት አልተገኘለትም፤ አፍንጫው አልረዘመም። ልጅቷ እንደምትለው በሳምንት ከአንድ ሁለት ጊዜ አያልፍም፣ ሽታውም ዕጣን ያሸንፈዋል። ውሻችሁ በድንገት ከወትሮው ከባሰበት፣ ከከሳ፣ ካስመለሰው ወይም ሰገራው ላይ ደም ካያችሁ ግን ይሄን ጋዜጣ አስቀምጡና ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ሠርጉ በዳግማዊ ትንሣኤ ሆነ። መልስ የተጠራ ዕለት ሙሽሮቹ ቤቱ ገቡ። ሽማግሌዎቹም፣ ያኔ የነበሩት ሦስቱም፣ ተጋብዘዋል። ዶሮው ተበላ፣ ጠጁ ተጠጣ፣ አባትየው ለምርቃት ሊነሱ ሲሉ… ያ ነገር ሳሎኑን ሞላው። ሁሉም ዝም አለ። አባትየው ቶሎ ብለው ሶፋው ሥር በጣታቸው እየጠቆሙ «ቡቺ ነው፤ ይቅርታ አድርጉለት» አሉ።

ትንሹ ልጅ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ አየ።

«አባዬ፣ ቡቺ እኮ በረንዳ ላይ ነው ያለው።»